ያልከፈተው ስም

ባለፈው ሳምንት መቅደላዊትን ትተናት የመጣነው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማራኪ ግቢ፣ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ፣ አገጯን በመዳፏ ደግፋ ኮምፒውተር ላይ እንዳፈጠጠች ነበር። ዛሬም እዚያው ናት። ሁዳዴ ገብቷል፤ ከጾሙ ይሁን ከሐሳቡ እንጃ፣ ፊቷ ከስቷል። ያያት ሁሉ ሥራ ላይ ናት ይላል። እሷ ግን ሰው እየጠበቀች ነው፤ ያውም በበር ሳይሆን በጋዜጣ በኩል የሚመጣ ሰው።

ከዚህ ለሚጀምር አንባቢ ነገሩን ባጭሩ ልመልሰው። ሰውአገኝ የድብ ባሕር ገበሬ ልጅ ነው። ማስተርሱን ሊማር ጎንደር የመጣ ጊዜ ከመቅደላዊት ጋር ያገናኘው ጋዜጣ ነበር። ከአዲስ አበባ የሚወጣውን ሳምንታዊ ጋዜጣ ካላነበበ ሳምንቱ ሳምንት አይመስለውም። ወረቀቱ ግን ጎንደር የሚደርሰው ወሬው ካረጀ በኋላ ነው። በስልኩ ሲከፍተው ደግሞ ርዕሱን ብቻ ያሳየውና «ለመቀጠል ደንበኛ ይሁኑ» ብሎ ደጅ ላይ ያስቀረዋል። ይህንኑ ሊያማርር ነው መቅደላዊት ወደምትሠራበት የዲጂታል ክፍል ጠረጴዛ የመጣው።

«እዚህ ግቢ ውስጥ ከሆንክ እኮ አይዘጋብህም» አለችው መቅደላዊት። «ቤተ መጻሕፍቱ ለሁላችንም ደንበኛ ሆኗል። ከግቢ ውጭ ማንበብ ከፈለግህ ደግሞ በዩኒቨርሲቲው ኢሜይል አካውንት እከፍትልሃለሁ። ና፣ እዚህ ቁጭ በል።»

ቁጭ አለ። አካውንቱ ተከፍቶ ካለቀ በኋላም አልተነሳም። በማግስቱም መጣ፤ በሳልስቱም። አብራት የምትሠራው እትዬ አምሳል ከዓይኗ የሚያመልጥ ነገር የለምና፣ «አንቺ፣ ይሄ ልጅ ጋዜጣውን የሚያነበው ከኮምፒውተሩ ላይ ነው ወይስ ካንቺ ፊት ላይ?» እያለች ታሽሟጥጣት ጀመር። መቅደላዊት አንገቷን ትደፋለች። ስትደፋው ግን ፈገግታዋን ለመደበቅ መሆኑን እትዬ አምሳል ብቻ ሳትሆን መጽሐፍ የሚደረድሩት ልጆች ሳይቀሩ ያውቁ ነበር።

ሰውአገኝ ተመረቀና ድብ ባሕር ሁለተኛ ደረጃ ሊያስተምር ተመለሰ። ሲመረቅ የተማሪነት ኢሜይሉ ተዘጋ፤ ጋዜጣውም አብሮ ተዘጋበት። ያን ጊዜ ነው መቅደላዊት ከሕግ የወጣችው። የራሷን፣ የሠራተኛነት አካውንቷን ሰጠችው። ለሌላ ሰው እንደማይሰጥ ታውቃለች፤ ለተማሪው ሁሉ ይህንኑ ስታስጠነቅቅ የምትውለው እሷው ናት። ፍቅር ግን የራሱን መመሪያ ይዞ ይመጣል።

ከአካውንቱ ይልቅ የከበደው የይለፍ ቃሉ ነበር። ጋዜጣው የአማርኛ ስለሆነ የይለፍ ቃሉንም በፊደል ይቀበላል። መቅደላዊት ያስገባችው ቃል «ወለተ ሚካኤል» ነው። የክርስትና ስሟ።

ለሌላው ይህ ተራ ነገር ይመስለው ይሆናል። ለእነሱ ግን አይደለም። የክርስትና ስም የሚጠራው ቁርባን ላይና ጸሎት ላይ ነው። ስም ያወቀ ለበጎም ለክፉም ይሆነዋል ብሎ የሚሰጋው ሰው ብዙ ነውና፣ ሴት ልጅ የክርስትና ስሟን ለወንድ ከነገረች ከእጇ በፊት ነፍሷን ሰጠችው ማለት ነው። ሊሰናበታት የመጣ ዕለት፣ በንባብ ክፍሉ መጨረሻ፣ በመስኮቱ በኩል ከተቀመጡበት ሆና በጆሮው ነገረችው። ከዚያም፣ «ያንተስ?» አለችው።

ሰውአገኝ ዓይኑን ወደ መስኮቱ መለሰ። ትንሽ ዝም አለ። «ገብረ ሥላሴ» አለ ኋላ።

ያን ዝምታውን ዓይን አፋርነት ነው ብላ ወደደችው። ከዚያን ቀን ጀምሮ፣ ወደ ሥራ ከመውጣቷ በፊት ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ስትሳለም «አቤቱ፣ ወለተ ሚካኤልንና ገብረ ሥላሴን አስብ» ሳትል ያለፈችበት ጠዋት የለም። ሁለቱን ስሞች ጎን ለጎን ስትጠራቸው አፏ ላይ የሚቀረው ጣዕም የተጋቡ ያህል ያስደስታት ነበር።

*

አባቷ መሪጌታ ተክለ ጊዮርጊስ የአቋቋም መምህር ናቸው። ነገሩን የሰሙት ከሰው ነበር፤ ሰምተው ግን አልጮኹም። ልጃቸውን አጠገባቸው አስቀመጧት።

«የገበሬ ልጅ ስለሆነ አይደለም፤ እኔም የገበሬ ልጅ ነኝ» አሏት። «ግን እወቂው። ባላገሩ እኛን በቀን እጅ ይነሳናል፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ደግሞ በሩን ይዘጋብናል። ቀለም የቆጠረ ሁሉ ድግምተኛ ነው የሚመስለው። እዚያ ቤት ገብተሽ ልጅ ስትወልጂ፣ ልጁ ባስነጠሰ ቁጥር ዞረው የሚያዩት አንቺን ነው።»

«እሱ እንደዚያ አይደለም፣ አባዬ!»

«ቃልሽን ስጪኝ። አትደውይለትም፤ አትጽፊለትም።»

እያለቀሰች ሰጠች። ለሰውአገኝም በመጨረሻው ስልክ ይህንኑ ነገረችውና ዘጋችው። የመሪጌታ ልጅ ናት፤ የሰጠችውን ቃል አታጥፍም። ቢሆንም ትርጓሜ ስትሰማ ያደገች ናትና፣ አንድ ቃል ምን ያህል እንደሚያስር፣ ምን ያህል ደግሞ እንደሚያሳልፍ ታውቃለች። ጋዜጣ ማንበብ መደወል አይደለም። ያነበቡትን ማስቀመጥም መጻፍ አይደለም።

አካውንቱ ላይ «ያስቀመጥኳቸው» የሚል ገጽ አለ። የወደዱትን ጽሑፍ ይጫኑትና እዚያ ይቀመጣል። ድብ ባሕር ኔትወርክ ሲገኝ ሰውአገኝ አንድ ርዕስ ያስቀምጣል፤ በማግስቱ ማራኪ ላይ መቅደላዊት መልሱን ታስቀምጣለች። «በሰሜን የዝናብ እጥረት እየከፋ መምጣቱ ተገለጸ» ይላል እሱ፤ ናፈቅሽኝ ማለቱ ነው። «ኅብረተሰቡ በትዕግሥት እንዲጠብቅ ጥሪ ቀረበ» ትላለች እሷ። አንድ ጊዜ «የመብራት መቆራረጥ ነዋሪዎችን አማረረ» የሚል አስቀመጠ፤ ፎቶዋን ስልኩ ላይ ሊያይ ሲል ባትሪው እንዳለቀበት ገብቷት ብቻዋን ሳቀች። ሌላው ደንበኛ ለዜና የሚከፍተውን ጋዜጣ እነሱ ጓዳ አደረጉት።

በዚህ ላይ እያሉ ነው ዲያቆን መዝሙር የመጣው። ቅስና ሊቀበል የታሰበ፣ አንገቱን የደፋ ልጅ ነው። ከክህነቱ በፊት ማግባት አለበት። ፀዳ በኩል ቤት ሠርቷል። ወገኖቹ ሽማግሌ ልከው መቅደላዊትን ጠየቁ። መሪጌታ እሺም እምቢም ሳይሉ ለፋሲካ ቀጠሯቸው፤ ሁዳዴም ገባ።

በጾሙ እኩሌታ አንድ ጠዋት መሪጌታ ከኪዳን ሲመለሱ ልጃቸውን አዩዋት። ከስታለች። መቋሚያቸውን ከግድግዳው አስደግፈው ቆሙ።

«ያ ልጅ ሽማግሌ ልኮ ያውቃል?»

«አያውቅም።»

«ምነው?»

«እርስዎን ፈርቶ ነው እንጂ . . .»

«እኔን ነው ወይስ ቤቴን?» አሉና መልሷን ሳይጠብቁ ቀጠሉ። «ለመዝሙር ወገኖች መልስ የምሰጠው ከዳግማ ትንሣኤ ማግስት ነው። እስከዚያ ድረስ ያ ልጅ በራሱ ፈቃድ ሽማግሌ ከላከ፣ አስቀምጬ እሰማለሁ። ቃልሽ ግን እንዳለ ነው። አትጠሪውም።»

መቅደላዊት የአባቷን ጉልበት ስማ ወጣች። ሚኒባሱ ማራኪ እስኪደርስ አላስችል ብሏት ዓይኗ መንገዱ ላይ ነበር። ደርሳ ጋዜጣውን ከፈተች። የቆየ እትም ሳይቀር አገላብጣ ርዕሶች ፈለገች፤ ከላይ ወደ ታች እንዲነበቡ አድርጋ በተርታ አስቀመጠቻቸው፦

«የአገር ሽማግሌዎች በአስቸኳይ እንዲላኩ ተጠየቀ።»

«ጥያቄ የሚስተናገደው እስከ ዳግማ ትንሣኤ ብቻ ነው።»

«በሩ ለውይይት ክፍት መሆኑን መምህሩ ገለጹ።»

ሕፃን እንኳ ቢያነበው ይገባዋል። እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ተነፈሰች።

*

ዕጣ ፈንታ ሲቀልድ ቀልዱ አያስቅም። ዓመቱ ሞልቶ ኖሮ፣ ያን ዕለት ከሰዓት አካውንቱ እድሳት ጠየቀ። የቤተ መጻሕፍቱ ደንበኞች በየዓመቱ ከግቢው ሆነው ማደስ፣ ሲያድሱም አዲስ የይለፍ ቃል ማስገባት አለባቸው። አሮጌውን መልሶ አይቀበልም። «ወለተ ሚካኤል» ከእንግዲህ አይከፍትም።

አዲሱን ቃል እንዴት አድርጋ ትንገረው? አትደውል፣ አትጽፍ! እትዬ አምሳል ጭንቀቷን አይታ ስልኳን አወጣች።

«እኔ ልደውልለት። እኔ ለመሪጌታ ምንም ቃል አልሰጠሁ።»

«በሰው አፍ መደወልም መደወል ነው።»

«ተይ እባክሽ! እግዜር እንዲህ ያለውን ነገር አይቆጥርም።»

«አባቴ ይቆጥራሉ» አለች መቅደላዊት። ደግሞም በሆዷ ሌላ ነገር ነበር፤ ተጎትቶ ሳይሆን ፈልጎ እንዲመጣላት ትሻለች። ኩራት አባቷን ብቻ ሳይሆን እሷንም ይዟት ነበር፤ ይህን አልደብቅላትም።

ከዚያ አንድ ሐሳብ መጣላትና ፊቷ በራ። አሮጌው ቃል የእሷ ስም አልነበር? አዲሱ የእሱ ይሆናላ! ይህን ለማወቅ ስልክም ደብዳቤም አያስፈልግም። ወለተ ሚካኤል እምቢ ስትለው፣ ቀጥሎ የሚያንኳኳው በራሱ ስም ነው። ጻፈች፦ ገብረ ሥላሴ።

በሦስተኛው ቀን ከጋዜጣው መልእክት ደረሳት። ወደ አካውንትዎ ለመግባት የተሳሳተ የይለፍ ቃል ተሞክሯል፤ እርስዎ ካልሆኑ ያሳውቁን ይላል። ሰውአገኝ ነው። ከእሱ በቀር ማን ሊሆን! ወዲያው ሌላ መልእክት መጣ፤ ሌላም። ድብ ባሕር ላይ ቆሞ በሩን ሲደበድብ የምታየው መሰላት። «ስምህን በል እንጂ» አለች በከንፈሯ። «ስምህን!»

ሌሊቱን ስታስብ አድራ ምክንያቱን ያገኘች መሰላት። ፊደሉ ነው! እሷ የመሪጌታ ልጅ ናትና ሥላሴን በንጉሡ ሥ ጽፋዋለች። እሱ ግን እንደ ሰው ሁሉ በእሳቱ ስ ይጽፈው ይሆናል፤ ማሽን ደግሞ ይህን አይምርም። በማግስቱ ገብታ ቃሉን ቀየረችው። አባቷ ቢያዩ ያለቅሱ ነበር። ልጅ ሳለች ሥላሴን በእሳቱ ስ ጽፋ «የሦስቱን ንግሥና ነጠቅሽ» ብለው ደብተሩን ሙሉ ያስደገሟት እሳቸው ናቸው። አሁን ለአንድ የድብ ባሕር ልጅ ስትል ስላሴ ብላ ጻፈች፤ ስትጽፍም አማተበች።

አንድ ተጨማሪ መልእክት መጣ፤ የተሳሳተ የይለፍ ቃል ተሞክሯል የሚል። ከዚያ በኋላ ሙከራውም ቀረ።

ሆሳዕና አለፈ። ሰሙነ ሕማማትን ስትሰግድ ከረመች፤ በስግደቷ መካከልም ገብረ ሥላሴን አልረሳችውም። ፋሲካ መጣ። ደጃቸው በተንኳኳ ቁጥር ከመቀመጫዋ ትነሳለች። ጎረቤት ነው፤ የአባቷ ተማሪ ነው፤ የእንኳን አደረሳችሁ ሰው ነው። የድብ ባሕር ሽማግሌ የለም። ዳግማ ትንሣኤ ዕለት አመሻሹ ላይ መሪጌታ ልጃቸውን ዝም ብለው ተመለከቷት። አለመናገራቸው ከመናገር የባሰ አመማት።

በማግስቱ ለመዝሙር ወገኖች እሺ አሉ። መዝሙር ራሱ መጥቶ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ለፊት ተቀመጡ፤ መሪጌታ ደጅ ሆነው ይሰማሉ። ልጁ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ቀና ብሎ አያት።

«እኅቴ፣ በሰው ፊት መዝሙር ይሉኛል። የክርስትና ስሜ ኃይለ ኢየሱስ ነው። በጸሎትሽ አስቢኝ።»

ቀላል አድርጎ ነው ያለው፤ ወደ መስኮት አልዞረም። መቅደላዊት አመሰገነችው። ልቧ ግን እንደ ባዶ ክፍል ነበር፤ ምንም አልተሰማትም።

*

ሰውአገኝ የመጣው በዚያው ሳምንት ነው። ለባልደረቦቹ ኦሪጅናል ዲግሪዬን ላወጣ ነው ብሎ ነበር። ከመኪና እንደወረደ፣ አቧራውን ሳያራግፍ፣ ቀጥ ብሎ ወደ ዲጂታል ክፍሉ ገባ። እትዬ አምሳል አየችውና፣ ጠረጴዛዋን ትታ ወደ መደርደሪያዎቹ ሄደች።

ቤተ መጻሕፍት ነውና የተጣሉት በሹክሹክታ ነበር። ከሩቅ ያያቸው መጽሐፍ የሚዋዋሱ ነው የሚመስሉት።

«ዘጋሽብኝ» አላት፤ እንደምን ከረምሽ እንኳ ሳይል። «ቃል አለብኝ አልሽ፤ እሺ አልኩ። መደወሉም ቀረ። አንዲት ጠባብ ቀዳዳ ብትቀረኝ እሷንም ደፈንሽብኝ? ምነው መቅደላዊት? በቃኸኝ ለማለት ይሄ ነው ሸጋው መንገድ?»

«እኔ ነኝ የዘጋሁብህ?» ድምፅዋ ተቆራረጠ። «ሁዳዴን ሙሉ በር ከፍቼ ስጠብቅህ! ዓመቱ ሞልቶ ቃሉን ቀይሪ ሲለኝ፣ ያንተን ስም ነው ያስገባሁት። ያንተን! የራስህን ስም መሞከር እንዴት ያቅትሃል?»

«እሱን ነዋ መጀመሪያ የሞከርኩት። ያንቺ እምቢ ሲለኝ የኔን ስም ጻፍኩ። የክርስትናዬን። ደጋግሜ ጻፍኩ፤ አልከፍት አለኝ። ስሜንም ከልቧ አውጥታዋለች ብዬ ተውኩት። የተዘጋ በር ስደበድብ አልኖርም አልኩ።»

«በንጉሡም ጻፍኩልህ፣ በእሳቱም ጻፍኩልህ!» አለች እንባዋ እየቀደማት። «ላንተ ብዬ ሥላሴን በእሳቱ ስ ጻፍኩ፣ ሰውአገኝ!»

ሰውአገኝ ግራ ገባው። «የምን ሥላሴ?» አላት።

ከአፉ ካመለጠው በኋላ ገባው። ፊቱ ሲለዋወጥ አየችው። ከዚያም ዓይኑን ወደ መስኮቱ መለሰ፤ ያን ጊዜ እንደመለሰው አድርጎ። ያን አመላለስ ስታስታውሰው፣ ስትወደውም ነው የኖረችው። አሁን ምን እንደነበር ገባት። ወንበሯን ያዘች።

«ስምህ አይደለም» አለች ቀስ ብላ።

ዓይኑን ከመስኮቱ ወደ መሬቱ አወረደ።

«ገብረ ሥላሴ ስምህ አይደለም።»

«እናቴ ናት» አለ። «ለትምህርት ስመጣ፣ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ አቁማ አስማለችኝ። ጎንደር የቀለም አገር ነው፣ የክርስትና ስምህን ለደብተራ ቤት ከሰጠህ ልጄ አይደለህም አለች። እሺ ብዬ ማልኩላት። ያን ቀን ስትጠይቂኝ ድንገት ሆነብኝ። አፌ ላይ የመጣልኝን አልኩሽ። ኋላ እነግራታለሁ ስል፣ ረሳሁት . . . ማርያምን ረሳሁት፣ መቅደላዊት።»

«ረሳኸው።»

«አንቺን አላመንኩሽም ማለት እኮ አይደለም! አንቺን አምንሻለሁ። የፈራሁት ቤታችሁን ነው።»

«ቤታችን እኔ ነኝ» አለችው።

ይህን ስትል አልጮኸችም። አባቷ «እኔን ነው ወይስ ቤቴን?» ያሉት ቃል ጆሮዋ ውስጥ ሲያቃጭል ሰማችው። እሱ እንደዚያ አይደለም ብላ ስንት ተሟግታለታለች! ከገዛ አባቷ ጋር የተቃየመችው ለዚህ ሰው ነው። እጇን ሲስም፣ ዓይኗን እያየ ሲስቅ፣ በዚያው ልቡ ስሙን ከእሷ እየሸሸገ፣ አባቷ ብራና ላይ ጽፈው ይደግሙብኛል ብሎ እየሰጋ ነበር።

ኮምፒውተሩን ወደ እሱ አዞረችው። በእሳቱ ስ የተጻፈውን ስም አስገባች፤ ገጹ ተከፈተ። ሦስቱ ርዕሶች እንደተቀመጡ ናቸው። ሰውአገኝ ከላይ ወደ ታች አነበባቸው። ደግሞ አነበባቸው።

«እስከ ዳግማ ትንሣኤ . . .» አለ። «አባትሽ ናቸው በሩ ክፍት ነው ያሉት?»

«እሳቸው ናቸው።»

«ነገ እመጣለሁ! አባቴንም፣ የሰፈሩን ሽማግሌ ሁሉ ይዤ እመጣለሁ። እግራቸው ላይ እወድቃለሁ። ባልሰማው ነው እንጂ ባውቅ ኖሮ በእግሬ እመጣ ነበር።»

«ለመዝሙር ወገኖች ትናንት ወዲያ እሺ ብለዋል።»

«ቃል ይፈርሳል እኮ! ሰው ነው የሰጠው፣ ሰው ያፈርሰዋል!»

መቅደላዊት እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። «ዛሬ በዚያ በር ስትገባ ሳይህ፣ ይህንኑ ነበር ያሰብኩት። አባቴ እግር ሥር ወድቄ ቃላቸውን አስፈርሳቸዋለሁ አልኩ። እሳቸው ቢረግሙኝ እንኳ ከአንተ ጋር ድብ ባሕር እሄዳለሁ አልኩ። መዘግየትህን ይቅር ብዬህ ነበር፣ ሰውአገኝ። ሳትናገር ይቅር ብዬህ ነበር።»

«ታዲያ አሁንም . . .»

«እኔም ቃል ነበረብኝ። ካባቴ ቃል ውስጥ ቀዳዳ ፈልጌ ላንተ በር ሠራሁ። አንተ ከናትህ ቃል ውስጥ ምን ሠራህልኝ? የሌለ ሰው ፈጥረህ ሰጠኸኝ። ሁዳዴን ሙሉ ጠዋት ጠዋት የማን ስም ስጠራ እንደከረምኩ ታውቃለህ? በሕማማቱ ስሰግድ ማንን ጠብቅልኝ ስል ነበር? በሌለ ሰው ስም ደጅ ስጠና!»

ሰውአገኝ ሁለት እጁን ጠረጴዛው ላይ አስደግፎ አጎነበሰ። የወንድ እንባ ወርዶ የኮምፒውተሩ ማውዝ አጠገብ ተንጠባጠበ። ከዚያ ቀና ብሎ ወደ ጆሮዋ ተጠጋ።

«ልንገርሽ። እናቴ ልጄ አይደለህም ትበል። እውነተኛው ስሜ . . .»

«አትንገረኝ!»

ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅዋ ከሹክሹክታ አለፈ፤ አንባቢዎች ቀና ቀና አሉ። እጇን ዘርግታ አፉ ፊት አቆመችው፤ ሳትነካው።

«ከነገርከኝ እጸልይልሃለሁ» አለች ድምፅዋን መልሳ ዝቅ አድርጋ። «እኔ ራሴን አውቃለሁ። አንዴ ከሰማሁት ጠዋት ጠዋት እጠራሃለሁ፤ የሰው ሚስት ሆኜ እጠራሃለሁ። ያንን ደግሞ አላደርግም። ስምህን ይዘህ ሂድ። እናትህ እንዳለችው ጠብቀው።»

ሰውአገኝ አያት። አንድ ጊዜ እንኳ «ቆይ» ብትለው የሚቀር ይመስል ነበር። አላለችውም። ሲወጣ በሩን ቀስ አድርጎ ነው የዘጋው፤ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ እንዲያ ነው የሚዘጋው፤ እሷው ናት ያስተማረችው።

እትዬ አምሳል ከመደርደሪያዎቹ መካከል መጥታ ትከሻዋን አቀፈቻት። መቅደላዊት ግን አላለቀሰችም። ሦስቱን ርዕሶች አንድ በአንድ አጠፋች። የድሮዎቹንም፤ የዝናብ እጥረቱን፣ የትዕግሥቱን ጥሪ፣ የመብራቱን መቆራረጥ አጠፋች። «ምንም ያስቀመጡት ጽሑፍ የለም» የሚል ባዶ ገጽ መጣ። ጋዜጣው የሚያውቀው እስከዚህ ነው።

*

ማታ ለሠርክ ጸሎት ከአባቷ ኋላ ሆና ሄደች። መሪጌታ ሰውአገኝ መምጣቱን ሰምተዋል፤ ጎንደር ውስጥ የሚሰማ ነገር አይጠፋም። ምን አለሽ ብለው አልጠየቋትም። መንገድ ላይ ብቻ ቆም ብለው፣ «ልጄ፣ ተሳስቼ ቢሆን ደስ ባለኝ ነበር» አሏት። ያኔ ነው እንባዋ የመጣው። አባቷ እስኪበቃት ቆመው ጠበቋት።

ደጃፉ ላይ ተሳለመች። ሠርጓ ቀርቧል። ሥርዓተ ቁርባኑ ላይ ካህኑ በክርስትና ስማቸው ይጠሯቸዋል፤ ወለተ ሚካኤልና ኃይለ ኢየሱስ። ከዛሬ ጀምራ ብትለምደው ይሻላል።

«አቤቱ፣ ወለተ ሚካኤልን አስብ» አለች። ከንፈሯ እንደልማዱ ቀጠለ። «ገብረ . . .»

አቆመች። ግንባሯን ከቀዝቃዛው ድንጋይ ላይ ሳታነሳ ብዙ ቆየች። ሰዎች በአጠገቧ እየተሳለሙ አለፉ። አባቷ ወደ ውስጥ ገቡ። ከዚያ እንደምንም ድምፅዋን አገኘችና፣ ስሙን ሳይሸሽግ የሰጣትን ሰው አሰበችው፤ ኃይለ ኢየሱስን አስብ አለች።

ለዚያኛው ግን የምትጠራበት ስም አልነበራትም።